ሦስት ቢጫ ምልክቶች፣ አንድ ላፕቶፕ

በኢንተርኔት መድረክ ላይ፣ ድራይቨር (ዊንዶውስ አንድን እቃ እንዲያሠራ የሚያስችለው ፕሮግራም) ስለጎደለው ላፕቶፕ የምንወያይበትን ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሶቹ 23 ስለደረሱና መሐል ላይ ወሬው ወደ ሾፌርና ወደ ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ሌላ ስርዓት) ስላመለጠ፣ በኋላ ለሚመጣ ሰው ይጠቅም እንደሆነ ማን ምን እንዳለ በቁጥሩ እየጠራሁ እተርካለሁ። የማንንም ቃል አልቀዳሁም፤ ያዛባሁት ነገር ያለ የመሰለው ሰው ወደ ቁጥሩ ሄዶ ዋናውን ያንብብ።

ጥያቄዬ ይህ ነበር። ቢሯችን ውስጥ ከዱባይ ያገለገለ ሆኖ የመጣ ዴል ላቲትዩድ ኢ6420 አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሞዴል ነው። ሒሳብ ሹማችን የለመዱት የድሮ ፒችትሪ (የሒሳብ ፕሮግራም) ዊንዶውስ 7 ላይ ስለሆነ ከዚያ ንቅንቅ አልልም አሉ። ስለዚህ ማሽኑን ፎርማት አድርጌ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ 7 ጫንኩበት። ተነሣ፤ ግን ዋይፋይ የለም፣ የኬብል ኢንተርኔትም የለም። የማሽኑን እቃዎች የሚዘረዝረውን ዲቫይስ ማኔጀርን ስከፍተው ቢጫ ቃለ አጋኖ የተለጠፈባቸው መስመሮች ተሰልፈው ጠበቁኝ። የኔትወርኮቹንስ ከስማቸው ገመትኩ። ሦስቱ ግን ምን እንደሆኑ እንኳ አልገባኝም፦ አንዱ ፒሲአይ ሲምፕል ኮሙኒኬሽንስ ኮንትሮለር፣ ሁለተኛው ብሮድኮም ዩኤስኤች፣ ሦስተኛው በደፈናው አንኖውን ዲቫይስ፣ ማለትም የማይታወቅ እቃ ይላሉ። ድራይቨር ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ ያለ ድራይቨር አይመጣም። ቁልፉ ቤት ውስጥ ተቆልፎበታል፤ በየት በኩል ልግባ?

1ኛው መላሽ የማውቀውን የሚነግሩኝ መስሏቸው አስቀድመው ይቅርታ ጠየቁ። አላውቀውም ነበር። ዊንዶውስ ባያውቀውም እንኳ እያንዳንዱ እቃ ራሱን የሚያስተዋውቅበት ቁጥር በውስጡ ይዟል አሉ። ቢጫ ምልክት ያለበትን መስመር በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭኖ ፕሮፐርቲስ ውስጥ መግባት፣ ዲቴይልስ የሚለውን ገጽ መክፈት፣ ከዝርዝሩ ሃርድዌር አይዲስ የሚለውን መምረጥ ነው። የሚወጣው ጽሑፍ ረጅምና አስፈሪ ነው። ከእሱ የሚፈለገው ግን ሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ ቬን ከሚለው ቀጥሎ ያሉት አራት ምልክቶች ሠሪውን ድርጅት፣ ዴቭ ከሚለው ቀጥሎ ያሉት አራቱ እቃውን ይነግሩናል። በዩኤስቢ የተገናኘ ከሆነ ቪድ እና ፒድ ይባላሉ። የእኔ ሲምፕል ኮሙኒኬሽንስ ተብዬ 8086 እና 1ሲ3ኤ የሚል ቁጥር ነበረው። 8086 ኢንቴል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣውን የፕሮሰሰሩን ስም ለድርጅቱ መታወቂያ አደረገው። 1ሲ3ኤ ደግሞ የኢንቴል ማኔጅመንት ኢንጂን (በማሽኑ ውስጥ የተገነባ ትንሽ መቆጣጠሪያ) መገናኛ ሆኖ ተገኘ። መስመሩ ላይ የተጻፈው ስም ከዚህ አንዱንም አይናገርም። ሰውየው የሌሎችንም ጨምረው ነበር፤ ሪያልቴክ 10ኢሲ፣ ኤንቪዲያ 10ዲኢ፣ ብሮድኮም 14ኢ4። እኔም በቢሮው የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ ጻፍኳቸው፤ እስካሁን አሉ።

2ኛው አጭር ነበር። ዴል ከሆነ ከላፕቶፑ ሥር የተለጠፈውን ሰባት ምልክት ያለው ሰርቪስ ታግ በዴል ድረ ገጽ ላይ አስገባ፣ የማሽኑ ድራይቨሮች ተዘርዝረው ይመጣሉ አለ። እውነቱን ነው፤ ብሮድኮም ዩኤስኤች የተባለው በዚያ መንገድ ነው የተፈታው። በዴል ዝርዝር ውስጥ በዚያ ስም የሚባል ነገር የለም። የሚገኘው ኮንትሮልቮልት በሚል ስም ሲሆን የስማርት ካርዱንና የጣት አሻራውን አንባቢ የሚያስተዳድር ክፍል ነው። አንድ እቃ በዊንዶውስ ዘንድ አንድ ስም፣ በሻጩ ዘንድ ሌላ ስም፣ በቺፑ ሠሪ ዘንድ ሦስተኛ ስም ሲኖረው ሰው ቢደናገር አይፈረድበትም።

3ኛው ይህ ሁሉ ድካም ለምን አለ። ሁሉንም ድራይቨር አንድ ላይ የያዘ ጥቅል በሃርድ ዲስክ ከጠጋኝ ቤት ማስቀዳት ይቻላል፣ አንዴ ተጭኖ ሻይ ጠጥቶ መመለስ ነው፣ እርሱ አሥር ዓመት ሲሠራ የኖረው በዚሁ ነው። 4ኛው ወዲያው ተነሣበት። እንዲህ ያለ ጥቅል የእኅቱን ኮምፒውተር ምን እንዳደረገው ተረከ፤ ስሙን ግን አልጠራም። ድራይቨሮቹ ተጭነዋል፤ ከእነርሱ ጋር ያልታዘዘ ብሮውዘር፣ ያልታዘዘ ጸረ ቫይረስ፣ በየአሥር ደቂቃው ብቅ የሚል ማስታወቂያ አብሮ ገብቷል። ከዚያ በላይ የከፋው ደግሞ ቀድሞ ደኅና ይሠራ የነበረው ድምፅ ጥቅሉ አዲስ ብሎ በመረጠው ድራይቨር ተተክቶ ጸጥ ማለቱ ነው። እኔ ከሁለቱ ወደ 4ኛው አደላለሁ። ነገር ግን በቀን ሃያ ማሽን የሚጭን ጠጋኝ እያንዳንዱን ቁጥር እየለቀመ ይፈልግ ማለት ከእውነት የራቀ ነው።

5ኛዋ ስለ ላፕቶፑ ምንም አላሉም። ድራይቨር የሚለው ቃል ለምን በአማርኛ አይባልም ብለው ጠየቁ። ነጂ ይባል የሚሉ እንዳሉ፣ አሽከርካሪ የሚሉም እንዳሉ አነሡ። ይህ ሐሳብ ከዚያ በኋላ በየመልሱ ጅራት ላይ እየተንጠለጠለ ሄደ፤ አንዱ ሾፌር ከተባለ ረዳቱስ ማን ነው ብሎ ቀለደ፣ ሌላው ዊንዶውስ 7 መንጃ ፈቃዱ አልቋል አለ። ለእኔ ቃሉ ድራይቨር ሆኖ ቢቀር ይሻለኛል። እቃው ሌላ ቦታ አይነዳም፤ ድራይቨሩ የሚሠራው በስርዓቱና በእቃው መካከል ቆሞ ማስተርጎም ነው። አስተርጓሚ ቢባል ይቀርብ ነበር።

6ኛው የቁልፉን ነገር ፈታው፤ እንዴት ሳላስበው እንደቀረሁ እስካሁን ያሳፍረኛል። ላፕቶፑ ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ ስልኩ አለው። የዴልን ገጽ በስልክ ከፍቶ የኔትወርኩን ድራይቨር ብቻ ማውረድ፣ ስልኩን በኬብል ሰክቶ ፋይሉን መገልበጥ። ከዚያ ወዲያ ማሽኑ በራሱ ይሄዳል። ሌላም መንገድ ጨመረ፦ የአንድሮይድን ኢንተርኔት በዩኤስቢ ማጋራት። ዊንዶውስ 7 ስልኩን በዚህ መልክ አላውቀውም ካለ፣ ድራይቨሩን በእጅ ከዝርዝር መምረጥ ይቻላል፤ ኔትወርክ አዳፕተርስ፣ ከዚያ ማይክሮሶፍት፣ ከዚያ ሪሞት ኤንዲስ የሚለውን። ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ የመጣ ስለሆነ ምንም አይወርድም። ጥቅል ዳታ በሜጋባይት ለምንቆጥር ሰዎች የመጀመሪያው መንገድ ይመረጣል፤ በዩኤስቢ የተጋራ ኢንተርኔት ላይ ዊንዶውስ ሳይነግርህ ምን እንደሚያወርድ አይታወቅም።

በ7ኛው መልስ ላይ 3ኛው ተመለሰ፤ ተቆጥቷል። እርሱ የሰጠው ምክር ለሥራ እንጂ ለፈላስፋ አይደለም፣ 4ኛው የእኅቱን ኮምፒውተር ከማያውቀው ድረ ገጽ ባወረደው ነገር አበላሽቶ ጥፋቱን በጥቅል ሁሉ ላይ ይለጥፋል ብሎ ጻፈ። 4ኛው አልመለሰም። ደግ አደረገ።

8ኛው እኔ ነኝ። የኬብል ኔትወርኩን ድራይቨር በስልክ አወረድኩ፤ ከዴል ገጽ ሳይሆን ይበልጥ አዲስ ነው ብዬ ከሌላ ቦታ። ተጫነ፤ ቢጫው ምልክት ግን አልጠፋም። ቀድሞ ኮድ 28 ይል የነበረው ወደ ኮድ 52 ተቀየረ። ቁጥሩ ሲያድግ የባሰበት መስሎኝ ደነገጥኩ።

9ኛዋ በጣም ጥንቁቅ ሴት ናቸው፤ የዚህ ክር እውነተኛ አስተማሪ እርሳቸው ይመስሉኛል። ቁጥሮቹ የክብደት ደረጃ አይደሉም፣ እያንዳንዱ የራሱ ትርጉም አለው አሉ። 28 ድራይቨር አልተጫነም ማለት ነው። 10 ድራይቨር አለ፣ እቃው ግን መነሣት አልቻለም። 43 እቃው ራሱ ችግር አለብኝ ብሎ ስለነገረው ዊንዶውስ አቁሞታል። 52 ደግሞ የድራይቨሩ ዲጂታል ፊርማ ሊረጋገጥ አልቻለም። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ያልተፈረመ ድራይቨር አይቀበልም፤ የእኔ ድራይቨር ግን ተፈርሟል። ችግሩ የተፈረመበት መንገድ ነው፤ አዳዲስ ድራይቨሮች የሚፈረሙት ሻ 2 በሚባለው ስልት ሲሆን፣ ከድሮ ሲዲ ላይ የተጫነ ዊንዶውስ 7 ይህንን ፊርማ ማንበብ አያውቅም። ንባቡን የሚያስተምረው ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2015 ያወጣው ኬቢ 3033929 የተባለ ማሻሻያ ነው። ወይ ማሻሻያውን መጫን፣ ወይም በላፕቶፑ ዘመን የወጣውን ከዴል ገጽ ላይ ያለውን አሮጌ ድራይቨር መውሰድ። አሮጌውን ወሰድኩ፤ ኢንተርኔት መጣ። አዲስ ሁሉ የተሻለ ነው የሚለው እምነቴ እዚያ ላይ ተሰበረ።

10ኛው ድራይቨሩን ካወጣህ በኋላ ለማሽንህ ይሁን አይሁን ሳትጭነው የምታውቅበት መንገድ አለ አለ። የድራይቨር ፋይሎች መሐል አይኤንኤፍ የሚል ቅጥያ ያለው አንድ ፋይል አይጠፋም፤ ተራ ጽሑፍ ነው፣ በኖትፓድ ይከፈታል። ውስጡ የሚያገለግላቸው እቃዎች ቁጥር ተራ በተራ ተጽፏል። የእቃህን ቁጥር እዚያ ውስጥ ፈልግ፤ ካለ ጫነው፣ ከሌለ ጊዜህን አታጥፋ። ሞከርኩት። 1ሲ3ኤን ስፈልግ ጥቁሩ ማድመቂያ ዘሎ ከመስመሩ ላይ ሲያርፍ የተሰማኝን ደስታ ለሒሳብ ሹማችን ልነግራቸው ሞክሬ ነበር፤ ፒችትሪው መቼ ይከፈታል ብለው ጠየቁኝ።

11ኛው ሰይፉን መዝዞ መጣ። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 7ን ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥር 14 ቀን 2020 አቁሟል፤ የድርጅት ሒሳብ ያለበትን ማሽን በእንዲህ ያለ ስርዓት ኢንተርኔት ላይ ማውጣት በር ከፍቶ ገበያ መሄድ ነው አለ። እስከዚህ ድረስ ልክ ነበር። ከዚያ ግን አልፎ፣ እኔን ሰነፍ፣ መልስ ሰጪዎቹን ደግሞ የስንፍና ተባባሪዎች አላቸው። 9ኛዋ በትሕትና መለሱለት፤ የሰውየው ጥያቄ ድራይቨር እንጂ ስርዓት ምረጡልኝ አልነበረም፣ ምክሩ ግን መደመጥ አለበት አሉ። ተደምጧል። ላፕቶፑ ዛሬ ከኢንተርኔት ተነቅሎ ለሒሳብ ብቻ ይሠራል።

12ኛው ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሚጽፉ ናቸው፤ ለዘመድ ወደ አገር ቤት አሮጌ ላፕቶፕ ሲልኩ ሊኑክስ ጭነው እንደሚልኩ ነገሩን። የድራይቨር ጣጣ የዊንዶውስ በሽታ ነው፣ በሊኑክስ አብዛኛው ድራይቨር ከከርነሉ፣ ማለትም ከስርዓቱ እምብርት ጋር አብሮ ስለሚመጣ ሰክቶ መሥራት ብቻ ነው አሉ። 13ኛው ይህንን ሊያሳልፍ አልቻለም። የብሮድኮም ዋይፋይ ባለበት ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ጭኖ ያላለቀሰ ሰው ካለ ልየው አለ፤ ለብዙዎቹ ካርዶች ከከርነሉ ሌላ ፈርምዌር (እቃው ራሱ ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራም) ያስፈልጋል፣ ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ደቢያን እንኳ ነጻ ያልሆነ ፈርምዌርን በመደበኛ መጫኛው ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 በ12ኛው ቅጂ ነው። የሜሪላንዱ ሰው ዘመዶቻቸው ቅሬታ አቅርበው እንደማያውቁ መለሱ። 13ኛው ምናልባት ላፕቶፑን ከፍተውት ስለማያውቁ ይሆናል አለ። ሳቅኩ፣ አልክድም።

ከዚህ ጠብ ውስጥ ግን ጥሩ ነገር ወጣ። 14ኛዋ ሊኑክስ ባትጭኑም ለምርመራ ተጠቀሙበት አለች። ከፍላሽ የሚነሣ ሊኑክስ ሰክቶ ማሽኑን ማስነሣት፣ በተርሚናሉ ላይ ኤልኤስፒሲአይ የሚለውን ትእዛዝ መጻፍ፣ እቃዎቹ ከነሠሪያቸው ስም ይዘረዘራሉ። ዊንዶውሱን ምንም አይነካውም።

ከ15ኛው ጀምሮ ክሩ ለሦስት መልስ ያህል ከእኔ እጅ ወጣ። ሐዋሳ ላይ ሱቅ ያላቸው ሰው ሚዛናቸውን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኙበት የዩኤስቢና የሲሪያል መለወጫ ገመድ አዲስ ዊንዶውስ ሲጫን ድንገት ኮድ 10 አምጥቶባቸዋል። የሚገርመው፣ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ በእቃው ስም ቦታ ላይ ቺፑ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ስለተቋረጠ ሻጭህን አነጋግር የሚል መልእክት ተጽፎ ማየታቸው ነው። 16ኛው ነገሩን አወቀው፤ ፕሮሊፊክ የተባለው ሠሪ በአዲሱ ድራይቨሩ የቆዩ ቺፖቹን አያስተናግድም፣ እነርሱን አስመስለው የተሠሩትም አብረው ይወድቃሉ። መፍትሔው አሮጌውን ድራይቨር በእጅ መምረጥ ነው። አያይዞም የሌላውን ቺፕ ሠሪ የኤፍቲዲአይን ታሪክ አነሣ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በዊንዶውስ አፕዴት በኩል የመጣው ድራይቨሩ አስመስለው የተሠሩ ቺፖችን እያገኘ የእቃ ቁጥራቸውን ዜሮ አደረገው። ቁጥሩ ዜሮ የሆነ እቃ ደግሞ ማንም ስርዓት አያውቀውም። ገዢው ግን ገመዱ አስመስሎ የተሠራ መሆኑን ከሱቅ ሲገዛ በምን ያውቃል? ጩኸቱ በርትቶ ድራይቨሩ ተነሣ።

17ኛው ዜሮ የሚለውን ቃል ሲሰማ የራሱን ቁስል ገለጠ። አንድ የዩኤስቢ ካሜራ አንኖውን ዲቫይስ ይለዋል፤ ቁጥሩን እንደ 1ኛው ምክር ቢያየው ቪዱ አራት ዜሮ፣ ፒዱ 0002 ነው። የዚያን ቁጥር ድራይቨር ሙሉ ቀን ፈለገ። 9ኛዋ እንደገና ገቡ፦ ያ ቁጥር የእቃው አይደለም፣ ዊንዶውስ እቃውን ማን ነህ ብሎ ጠይቆ መልስ ሲያጣ ራሱ የሚጽፈው ነው። ለዝምታ ድራይቨር የለም። ገመድ መቀየር፣ ሌላ ሶኬት መሞከር፣ ካልሆነም እቃው ሞቷል ማለት ነው። ገመዱን ቀየረና ካሜራው ተነሣ። ለእኔ ከክሩ ሁሉ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው፤ ቁጥሩን ማንበብ ምን እንደምንፈልግ ብቻ ሳይሆን መፈለጉን መቼ እንደምንተው ይነግረናል።

18ኛው ምክር ሰጥቶ ሳይሆን ወቅሶ ሄደ፤ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ድራይቨሮቹን ለምን ወደ ፍላሽ አታወጡም አለ። እንዴት እንደሚወጣ ጠይቄው አልተመለሰም፤ 10ኛው ነው የነገረኝ። ዊንዶውስ 10ና 11 ላይ ዲዝም በተባለው መሣሪያ አንድ መስመር ትእዛዝ የተጫኑትን ተጨማሪ ድራይቨሮች በሙሉ አንድ ፎልደር ውስጥ ይገለብጣል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብኝ እንጂ ለሌላው ማሽን ይጠቅማል።

19ኛው 1ኛውን አረመ። ቬን እና ዴቭ ብቻ በቂ አይደሉም፣ በዚያው ረጅም ጽሑፍ ውስጥ ሰብሲስ የሚለውንም እዩ አለ። አንድ ዓይነት የድምፅ ቺፕ በብዙ ድርጅቶች ላፕቶፕ ውስጥ ይገኛል፤ ስፒከሩንና ማይክሮፎኑን የሚያገናኝበት መንገድ ግን ይለያያል። ሰብሲስ በ1028 ካለቀ ዴል ነው፣ በ103ሲ ኤችፒ፣ በ17ኤኤ ሌኖቮ። የ4ኛው እኅት ድምፅ ለምን እንደጠፋ የሚያስረዳ ይመስለኛል። 1ኛው አመሰገኑ እንጂ አልተከራከሩም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሦስተኛዋ ቢጫ ምልክት እንዳለች ናት። ቁጥሯ ከሌሎቹ አይመስልም፤ በፒሲአይ ወይም በዩኤስቢ አይጀምርም፣ በኤሲፒአይ ይጀምርና ኤስኤምኦ8800 ይላል። ሠሪ የሚባል፣ ዴቭ የሚባል የለውም። በየመሐሉ አንዱ ብሉቱዝ ነው አለ፣ አንዱ የጣት አሻራ፣ 3ኛው ጥቅሉን ብትጭን ኖሮ ይኼኔ ታውቅ ነበር አለ። ሦስት ቀን ፈለግኩ። 20ኛው መላሽ በሁለት መስመር ጨረሰው፦ የኤስቲማይክሮኤሌክትሮኒክስ የመውደቅ ዳሳሽ ነው፣ በዴል ገጽ ላይ ፍሪ ፎል በሚል ስም ፈልገው።

አወረድኩት። አይኤንኤፉን በኖትፓድ ከፈትኩ፣ ኤስኤምኦ8800 ብዬ ፈለግኩ፣ አገኘሁት። ልጭነው ስል 21ኛዋ፣ እስከዚያ ድረስ በዝምታ የሚያነብቡ የነበሩ ሴት፣ ዳሳሹ ምን እንደሚሠራ አብራሩ። ላፕቶፑ ከእጅ ሲያመልጥ በአየር ላይ መሆኑን ያውቃል፤ ከ75 ሳንቲሜትር ጠረጴዛ ላይ የወደቀ ነገር መሬት እስኪነካ 0.4 ሰከንድ ገደማ አለው። በዚያ ቅጽበት የሃርድ ዲስኩ ማንበቢያ ጫፍ ከሚሽከረከረው ሳህን ላይ ተነሥቶ ወደ ጥግ እንዲሸሽ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ ላፕቶፑ ውስጥ ያለው ምን ዓይነት ዲስክ ነው?

22ኛው እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት ኤስኤስዲ አስገብቼበታለሁ። የሚሽከረከር ሳህን የለውም፣ የሚሸሽ ጫፍም የለውም።

23ኛው አዲስ ሰው ነው፤ ፕሪንተሩ አንኖውን ዲቫይስ እንደሚለው ጽፎ ድራይቨሩን ላኩልኝ አለ። ቁጥሩን አልጻፈም።